ሰስ ወይስ ሚዳቋ? ስሙስ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም የደሴ ልጆች! በጦሳ ተራራ ገደል ላይ ትንሽ ባለ ሰኮና እንስሳ ቢታይ ሚዳቋ ሳይሆን ሰስ መሆኑ በምን ይታወቃል? ፈረንጆቹ ሰስን የሚጠሩበት «ክሊፕስፕሪንገር»ስ የማን ቋንቋ ነው?

መልስ 1፦ አፍሪካንስ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው። «ክሊፕ» ድንጋይ፣ «ስፕሪንገር» ዘላይ፤ ድንጋይ ዘላይ ማለት ነው። የሚዳቋ የፈረንጅ ስም «ዳይከር»ም ከዚያው ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ ጠላቂ ነው፤ ሲደነግጥ አንገቱን ደፍቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚሰጥም።

መልስ 2፦ አብሽር፣ መለየቱ ቀላል ነው። በቀለም ግን አትፍረድ፤ ፀሐይዋ ስትዞር ቀለሙም የተለወጠ ይመስላል። በመነጽር እግሩን እይ። ሰስ የሚቆመው በሰኮናው ጫፍ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው መዳፍ በምታህል ድንጋይ ላይ አራቱንም እግሩን ሰብስቦ የሚቆመው። ፀጉሩ ወፍራም፣ ውስጡ ክፍት፣ በቀላሉ የሚነቀል ነው፤ ከብርድ ይከላከልለታል። ሚዳቋ ግን በግንባሩ ላይ ቁንጮ አለው፣ ገደልም አይመርጥም።

መልስ 3፦ ሰሱ ራሱ ባይታይም ምልክቱን ፈልግ። ከዓይኑ ሥር ካለው እጢ የሚወጣውን ጥቁር ዝልግልግ ነገር በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይቀባል፤ ብዙ ሰው የዛፍ ሙጫ እየመሰለው ያልፈዋል። አንዱን ካየህ ዓይንህን ቶሎ አታንሳ፤ ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ አንዱ ሲግጥ ሌላው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።