ለቅዳሜና እሁድ ስቶክሆልም ጓደኛዬ ጋ ልሄድ ነው፤ የምታውቁ ምክራችሁን

ጠያቂ፦ የኦፈንባኋ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። በኅዳር አጋማሽ ስቶክሆልም ያለችውን ጓደኛዬን ልጠይቃት ነው። ደሴ አብረን ነው የተማርነው፤ ከሀገር ከወጣን ወዲህ ግን በአካል አልተያየንም። አርብ ማታ አርላንዳ ኤርፖርት እገባለሁ፣ እሁድ ማታ እመለሳለሁ። ቤቷ ሁስቢ ነው። ቅዳሜ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሥራ ስላላት ቀኑን ብቻዬን ነኝ።

ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል? ከኤርፖርት በርካሽ እንዴት ልድረስ? ቅዳሜን የት ልዋል? ምንስ ይዤላት ልሂድ? እሷን ስጠይቃት «አንቺ ብቻ ነይልኝ» ነው መልሷ።

ከሙኒክ
ቪዛ አያስፈልግሽም። የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ካለሽ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎቹ የሼንገን አገሮች መቆየት ትችያለሽ። ግን ሁለቱንም ዋናውን ያዢ። የስልክ ፎቶ አይሆንም፤ በሼንገን ውስጥም ቢሆን ፖሊስ ሊጠይቅሽ ይችላል። ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ልናገር፦ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነና ያላችሁ ጊዜያዊ ወረቀት ብቻ ከሆነ በሱ ከጀርመን አትውጡ።

የሺስታው
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ከወዲሁ። ከአርላንዳ በጣም ፈጣኑ አርላንዳ ኤክስፕረስ ነው፣ 20 ደቂቃ ያህል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ አንቺንም አይጠቅምሽም። ሁስቢ ከመሀል ከተማው በስተሰሜን ስለሆነ መሀል ገብተሽ መመለስ የለብሽም።

እንዲህ አድርጊ። 583 ቁጥር አውቶብስ ይዘሽ ሜርስታ ውረጂ። ከዚያ የከተማውን ባቡር ይዘሽ ሄለኔሉንድ ውረጂ። ከሄለኔሉንድ ወደ ሺስታ አውቶብስ አለ፤ ከሺስታ ሁስቢ በሜትሮ አንድ ጣቢያ ነው። ይሄ ሁሉ በተራው የኤስ ኤል፣ የስቶክሆልም የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት፣ ትኬት ይሄዳል። ባቡሩን እዚያው አርላንዳ ውስጥ ከያዝሽ ግን የጣቢያው ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ብዙ ሰው የሚከፍለው ሳያውቅ ነው። ነጠላ ትኬት 75 ደቂቃ ያገለግላል። ላንቺ ግን የ72 ሰዓቱ ይሻላል፤ ከአርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ ሜትሮውንም፣ አውቶብሱንም፣ ባቡሩንም፣ ትራሙንም ይሸፍንልሻል።

ነርሷ ከሶልና
ቅዳሜሽን በብርሃኑ መጠን ነው ማቀድ ያለብሽ። በኅዳር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ደጅ የሚታየውን ጠዋት፣ ሙዚየሙን ከሰዓት። ብዙ እንግዳ ገልብጦ ያደርገውና ከተማዋን ሳያያት ይመሻል።

ጠዋት ጋምላ ስታን ግቢ፣ አሮጌው ከተማ ማለት ነው። ዋናው አደባባይ ስቱርቶርየት ይባላል። በ1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 2ኛ የስዊድን መኳንንትን ያሳረደው እዚያ ነው፤ ዛሬ በዙሪያው ቡና ይጠጣል። ሞርተን ትሮትሲግ የሚሉትን ቀጭን መተላለፊያ ፈልጊው፣ በጠባቡ በኩል ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በእግርሽ ወደ ስሉሰን ውረጂና 82 ቁጥር ጀልባ ይዘሽ ወደ ዩርጎርደን ተሻገሪ። ለቱሪስት ጀልባ ገንዘብ አታውጪ፤ ይሄኛው በያዝሽው ትኬት ይሄዳል፣ ከተማዋንም ከውሃው ላይ ሆነሽ ታያታለሽ።

ዩርጎርደን ላይ ቫሳ ሙዚየም ግቢ። አንድ ሙዚየም ብቻ ከሆነ እሱ ይሁን። ቫሳ የጦር መርከብ ናት። በነሐሴ 1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ገና ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ሰጠመች። ላይዋ ከብዶ ነበር። ነፋስ ሲያዘነብላት ክፍት በነበሩት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 አወጧት፣ አሁን ሙሉዋን ቆማ ታያታለሽ። በብርዱ ወራት ቅዳሜ የሚዘጋው በ11 ሰዓት ነው፤ 8 ተኩል ላይ ብትገቢ ይበቃሻል።

ጓደኛሽ ከሥራ ስትወጣ ሜትሮ ጣቢያዎቹን እያያችሁ ወደ ቤት ሂዱ። የሷ መስመር 11 ቁጥር፣ ሰማያዊው ነው፤ እድለኛ ናችሁ። ኩንግስትሬድጎርደን ተሳፍራችሁ ቲ ሴንትራለን ላይ ውረዱ። ጣሪያው ላይ ጣቢያውን የሠሩት ሠራተኞች ምስል በሰማያዊ ተስሏል። እኔ ሁሌ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ የሠሪዎቹን ምስል ስንት ቦታ ታያላችሁ? ቀጥሎ ሶልና ሴንትሩም፣ ቀይ ዋሻ ነው።

የሩጫ ወዳጅ
በአረንጓዴው መስመር ግሎበን ብትወርጂ ትልቁን ነጭ ክብ አዳራሽ ታያለሽ። ገንዘቤ ዲባባ በ2015 የ5000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰንን በ14:18.86 የሰበረችው እዚያ ነው። ሀበሻ ሆኖ ስቶክሆልም መጥቶ ይህን አለማየት ያስቆጫል።

ጠያቂ፦ የኦፈንባኋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስንት ክሮነር ካሽ ልያዝ?

እናት ከሁዲንገ
ምንም አትያዢ ልጄ። ብዙ ካፌ ካሽ አንቀበልም ብሎ ለጥፏል። ካርድሽ ይበቃል። እዚህ ሰው ገንዘብ የሚላላከው በስዊሽ፣ በስልክ መክፈያ መተግበሪያ ነው፣ የስዊድን ባንክ ስለሚፈልግ አንቺ አትጠቀሚበትም። ስለዚህ ልትጋብዣት ካሰብሽ ቀድመሽ ካርድሽን አውጪ፤ ከከፈለች በኋላ ካሽ ብትሰጫት የት ታደርገዋለች?

ስለ ስጦታው፣ በርበሬም ሽሮም እዚህ አይጠፋም። ከቤት የተላከልሽ ቡና ካለሽ እሱን ይዘሽላት ነይ። የተቆላ ቢሆን ይሻላል፤ የነዚህ ቤቶች የጭስ ደወል ቶሎ ይጮኻል። ዕጣኑንም መስኮት ከፍታችሁ አጭሱ። ወይን የምትጠጡ ከሆነ ደግሞ እዚህ የሚሸጠው የመንግሥት ሱቅ ሲስተምቦላገት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቶሎ ይዘጋል፣ እሁድ ጭራሽ አይከፍትም። እና ልጄ፣ የሚያንሸራትት በረዶ ሊኖር ስለሚችል ጫማሽን አስቢበት።

አንድ ነገር ልጨምር። እሁድን ባዶ ተዉት። ቤት ተቀመጡ፣ ቡና አፍሉ፣ አውሩ። ቫሳ የትም አትሄድም።

ተማሪ ከፖላንድ
ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይቅርታ። እኔም ልሄድ ነው፤ ትኬቴ «ስቶክሆልም ስካቭስታ» ይላል። ይሄም ያው መንገድ ነው?

የሺስታው
አይደለም ወንድሜ። ስካቭስታ ኒሾፒንግ ከተማ አጠገብ ነው፣ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የኤስ ኤል ትኬት እዚያ አይሠራም። ኤርፖርቱ በር ላይ አውቶብስ አለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያወርድሃል። ትኬቱን ቀድመህ በስልክህ ግዛ። ዋጋውን ከበረራው ላይ ደምረህ ከአርላንዳው ጋር አወዳድር፤ አንዳንዴ ልዩነቱ ይጠፋል።