አስቸኳይ፦ ክረምቱን የቆመ ሞተሬ ውስጥ አይጥ ገብቶ ፊውዝ እያቃጠለ ነው

መንገደኛ
እባካችሁ ፍጠኑልኝ። ሞተሩን ከሰኔ ጀምሮ እቃ ቤት አቁሜው ነበር። ዛሬ ሸራውን ገፍፌ ቁልፍ ስከፍት መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፊውዙ ተቃጥሏል። አዲስ ቀየርኩ፣ እሱንም ቁልፍ እንደከፈትኩ አቃጠለው። መቀመጫውን ሳነሳ ሥሩ የተዘለዘለ ስፖንጅና የአይጥ ቆሻሻ ሞልቶታል። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከማርቆስ ወደ ገጠር መውጣት አለብኝ፣ የቀረኝ አንድ ፊውዝ ብቻ ነው። ምን ላድርግ? ከዚህ በኋላስ አይጥን ከቆመ ሞተር እንዴት ነው የማርቀው?

ካንዴላ
ምን ሞተር ነው? የተቃጠለው ዋናው ፊውዝ ነው? ቁልፍ ሳትከፍት፣ ባትሪውን ስታስር ብቻ ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም? ይህን ሳትነግረን ከገመትን ያቺን አንድ ፊውዝህን ነው የምናስጨርስህ።

ድመት ወዳድ
ድመት ግዛ። ቤንዚን አትጠይቅ፣ ሊብሬ አትጠይቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትጠብቅልሃለች።

ፈጣን
የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለህ በፊውዙ ቦታ ክተት፣ ነገ ደርሰህ ትመለሳለህ። ገመዱን ደግሞ ናፍጣ ቀባው፣ አይጥ ሽታውን አይወድም።

ጋሽ ሞተሪኖ
ልጄ፣ ብልጭልጩን እንዳትሞክረው። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። ብልጭልጩ ካልተቃጠለ የሚቀልጠው ገመዱ ነው፣ ያ ገመድ ደግሞ የሚያልፈው በቤንዚን ታንኩ ሥር ነው። ናፍጣውም አይረባም። የጎማ ሽፋኖችን ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሽታው በጥቂት ቀን ይጠፋል። አሁን 10 ቁጥር ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ያዝና የባትሪውን ኔጋቲቭ ሞርሴቶ (የገመዱን ማሰሪያ) ፍታ። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገደኛ
ያማሃ ዋይ ቢ አር 125፣ ካርቦራተር ያለው። የሚቃጠለው ዋናው ፊውዝ ነው። ባትሪ ሲታሰር ምንም አይልም፣ ቁልፍ ሲከፈት ነው። የተበጠሰ ገመድ አይታየኝም። ጋሼ፣ ኔጋቲቩን ፈትቼዋለሁ።

ካንዴላ
እንግዲያውስ አይጥ ነው ብለህ ለምን ደመደምክ? ሦስት ወር የቆመ ባትሪ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ክረምት ነበር፣ ሶኬት ውስጥ እርጥበት ገብቶም ሊሆን ይችላል። የአይጥ ቆሻሻ ስላየህ ብቻ ሙሉ ገመዱን እንዳትፈታው።

ቴስተር
ካንዴላ፣ የደከመ ባትሪ ፊውዝ አያቃጥልም። ባትሪ ሲደክም የሚሰጠው ጅረት ያንሳል እንጂ አይበዛም። እርጥበትም ቢሆን መብራት ያደበዝዛል፣ ሶኬት ያዝጋል፣ አዲስ ፊውዝ ወዲያው ለመበጠስ ግን ብዙ ጊዜ አቅም የለውም። ወዲያው የሚበጥሰው የተላጠ ገመድ ብረት ሲነካ ነው።

መንገደኛ፣ የሰጠኸው መልስ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። ቁልፍ ሳይከፈት ካልተቃጠለ ከባትሪ እስከ ቁልፉ ያለው ቀይ ገመድ ደህና ነው። ያማሃ ላይ ከቁልፉ የሚወጣው ፖዘቲቭ ቡናማ፣ ኔጋቲቩ ጥቁር ነው። ቡናማው ክላክሱን፣ የፍሬቻውን ፍላሸር፣ የፍሬን መብራቱን ይመግባል። የሆነ ቦታ ተልጦ ፍሬሙን ወይም ጥቁሩን ገመድ ነክቷል።

ያንን ፊውዝ ኪስህ ውስጥ አቆየው። በምትኩ 12 ቮልት 21 ዋት ባለ አንድ ክር አምፖል ፈልግ። ሁለት ቁራጭ ገመድ ውሰድና አንዱን ከአምፖሉ ታች ካለው ነጥብ፣ ሌላውን ከጎኑ ብረት ጋር አገናኝ። የገመዶቹን ሌላ ጫፍ ፊውዙ በሚሰካባቸው ሁለት ጥርሶች ላይ ሰካ። የፊት መብራትና ፍሬቻ አጥፋ፣ ፍሬን አትያዝ። አሁን ኔጋቲቩን እሰርና ቁልፍ ክፈት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ ሾርቱ (የተላጠው ገመድ ንክኪ) አሁንም አለ። አምፖሉ ጅረቱን ከ2 አምፒር በታች ስለሚያደርገው ምንም ነገር ሳይቃጠል እንደልብህ መፈለግ ትችላለህ።

ቁልፉ እንደተከፈተ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ንቀል። መጀመሪያ የኋላ መብራቱን፣ ቀጥሎ ፍላሸሩን፣ ቀጥሎ ሲዲአዩን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረውን ሳጥን)፣ መጨረሻ መሪው ፊት ያሉትን። አምፖሉ የጠፋበት ወይም የደበዘዘበት ሶኬት መንገዱን ያሳይሃል። ሁሉንም ነቅለህም ካልጠፋ ችግሩ ዋናው የገመድ እስር ላይ ነው። ከመቀመጫው ጀምረህ ወደ መሪው በእጅህ እያንቀሳቀስክ ሂድ። አምፖሉ የተርገበገበበት ቦታ ላይ ፕላስተሩን ፍታ። አይጥ ከእስሩ የታችኛውን ጎን ስለሚበላ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ያልታየህ ለዚህ ነው። መስታወት አስገብተህ እይ።

ፋርማሲ
እጅህን ከማስገባትህ በፊት አንድ ነገር። የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር በሽታ ያስተላልፋል፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ አንዱ ነው። ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረገው፣ በኮምፕሬሰርም አትንፋው፤ አቧራው ወደ ሳንባህ ይገባል። በሩን ከፍተህ 30 ደቂቃ አናፍስ፣ ጓንትና ማስክ አድርግ። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለህ ጎጆውን አርጥበው፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በወረቀት አፍሰህ በላስቲክ ቋጥረህ ጣል። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅል፣ ሶኬት ላይም እንዳትረጭ፣ መዳቡን ያዝገዋል። ሶኬቱን 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረግ፣ ያኔ ግን ባትሪው መፈታት አለበት።

የእህል ሰው
ሁላችሁም ስለ ገመዱ ነው የምታወሩት። ዋናው ጥያቄ እቃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። እህል አለ አይደል? አይጥ ገመድ ለመብላት ብሎ አይመጣም። የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ የሚያገኘውን ሁሉ ይቆረጥማል። የሚያመጣው እህሉ ነው፣ የሚያስቀረው ደግሞ ጨለማና ደረቅ ጎጆ ነው። መቀመጫህ ሥር ሁለቱንም አገኘ።

የቤት አይጥ 20 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በቀን 3 ግራም ያህል እህል ይበቃዋል። ከማዳበሪያ ከረጢት የፈሰሰ አንድ እፍኝ ስንዴ ለሳምንታት ያቆየዋል ማለት ነው። አንዷ ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ስድስት ትወልዳለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን አንተው አስላው። እርሳስ የሚያሾልክ፣ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀዳዳ ይበቃዋል። ስለዚህ በሩን እይ። ከሥሩ ክፍተት ካለ ከውስጥም ከውጭም ቆርቆሮ ምታበት። የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ ብቻ አትድፈነው፣ ይቦረቡረዋል። የእቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቀህ በላዩ ሲሚንቶ ለስን። እህሉን ከመሬት አንስተህ እንጨት ላይ አስቀምጥ፣ ከግድግዳ አርቀው፣ በዙሪያው እየዞርክ መጥረግ እንድትችል። የብረት ጎተራ ከተገኘ እሱን የሚያህል የለም። ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ይከላከላል፣ የአይጥን ጥርስ ግን አይችልም።

አንዳንዱ ደግሞ አዳዲስ ገመድ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው የሚበሉት ይላል። ያረጀውንም የፕላስቲክ ገመድ እኩል ነው የሚቆረጥሙት።

ፈጣን
ናፍጣ ካልወደዳችሁ ናፍታሊን መቀመጫው ሥር አስቀምጥ። ካልሆነም ናፍጣው ይሻላል።

ድመት ወዳድ
ናፍታሊን ክፍት ክፍል ውስጥ አያባርራቸውም፣ አጠገቡ ጎጆ ይሠራሉ። በሚያባርራቸው መጠን ብታደርገው ደግሞ አንተም እዚያ ቤት መግባት አትችልም። መርዝም አታድርግ። በገበያ ከሚሸጠው ብዙው ዚንክ ፎስፋይድ ነው፣ የሞተውን አይጥ ድመት ወይም ውሻ ከበላው ሊሞት ይችላል፣ ዶሮ መርዙን ራሱን ትለቅማለች። ሌላው ደግሞ አይጡ የፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ቤት ውስጥ ገብቶ ይሞትና ሽታውን ለማውጣት ግማሽ ሞተር ትፈታለህ።

በጸደይ የሚመታውን ወጥመድ ግዛ። አይጥ በግድግዳ ጥግ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር በቀኝ ማዕዘን ይቀመጥ፣ ማጥመጃው ወደ ግድግዳው ይዙር። በየ2 ሜትሩ አንድ። የተፈጨ ለውዝ፣ የምስር ፍሬ ያህል ብቻ፣ በደንብ ተጣብቆ። ብዙ ከሆነ ሳይነካው ከዳር ዳር ይልሳል። ጠዋት ጠዋት እየው።

መንገደኛ
አምፖሉ ሠራ! ቦግ ብሎ በራ፣ የኋላ መብራቱን ሶኬት ስነቅል ጠፋ። በመስታወት ሳይ ከመቀመጫው ሥር የኋላ ጭቃ መከላከያው ላይ የሚያልፉት ገመዶች ሦስት ቦታ ተልጠዋል፣ አንዱ አረንጓዴ ሆኗል። አሁን በፕላስተር ጠቅልዬ ልውጣ? አዎ፣ ስንዴ አለ እቃ ቤቱ ውስጥ።

ቴስተር
ለነገ ብቻ ከሆነ እያንዳንዱን ገመድ ለየብቻ ጠቅልል፣ አንድ ላይ አይደለም። ሦስቱን ለያይተህ በፕላስቲክ ማሰሪያ ፍሬሙ ላይ አጥብቃቸው። አምፖሉን መልሰህ ሰክተህ ቁልፍ ክፈት፣ ካልበራ ያኔ ፊውዙን አስገባ። ፍሬን ስትይዝ አምፖሉ ትንሽ ቢበራ አይግረምህ፣ የፍሬን መብራቱ የሚወስደው ነው።

ስትመለስ ግን በሥርዓት ሥራው። የተበላውን ቁራጭ ቆርጠህ አውጣ። መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ የሚያብረቀርቅ እስክታገኝ ወደ ኋላ ቁረጥ፤ በሽንት የተበላ መዳብ ሊድ (የብየዳ ሽቦ) አይቀበልም። በምትኩ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቀጥል። ለቤት መስመር የሚሆነው ድርቁ ገመድ በንዝረት ይሰበራል። በሙቀት የሚጨማደደውን ቱቦ አስቀድመህ አስገባ፣ ጫፎቹን 1 ሴንቲ ሜትር ላጥ፣ ጠምዝዝ፣ በካውያ በየደው፣ ቱቦውን ሳብና አሙቀው። መገጣጠሚያዎቹ ጎን ለጎን አይዋሉ፣ አንዱን ከሌላው 3 ሴንቲ ሜትር አራርቅ። ፊውዝ ስትገዛ የድሮው ላይ የተጻፈውን አምፒር እይ፣ ከዚያ አይብለጥ።

ጋሽ ሞተሪኖ
ገና አታስነሳው። የፊልትሮውን ቤት ክፈት። አይጥ መቀመጫ ሥር ከገባ እዚያም ገብቷል ብለህ ጀምር። ፊልትሮው ከተበሳ ወደ ካርቦራተር የሚወስደውን ጎማ በባትሪ መብራት እይ፣ የስፖንጅ ቁራጭ ካለ በፒንሳ አውጣ። ያ ቁራጭ ከተሳበ ወይ ካርቦራተሩን ይዘጋል ወይ ሲሊንደር ይገባል። የተበላ ፊልትሮ ይዘህ በገጠር አቧራ አትሂድ፣ ፒስተኑን ይሞርደዋል። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀዝቃዛ ሳለ ጫፉን ወደ ታች አዘንብለህ አንኳኳ። የሲሊንደሩን ክንፎች መሀል እይ፣ እዚያ የተጠቀጠቀ ሣር ሲሞቅ እሳት ነው። ከካርቦራተሩ ሥር ባለችው ማፍሰሻ ብሎን የቆየውን ቤንዚን አውጣ። የባትሪው ቮልት ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳታደርገው በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) አታስቸግረው፣ በእግርህ አስነሳው።

ለሚቀጥለው ክረምት ደግሞ እንዲህ አድርግ። ማርሚታው ሲቀዘቅዝ የእቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅልለህ ክተት፣ ግን ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰርና ወደ ውጭ ይንጠልጠል። የሞተሩ ቁልፍ ላይም «ማርሚታ ተደፍኗል» ብለህ ወረቀት እሰር። ሳታወጣው ለማስነሳት ከሞከርክ ወይ አይነሳም ወይ ሽቦውን ውስጥ ይዞት ይሄዳል። የፊልትሮው መግቢያ ላይ ግን ያንን ሽቦ አታድርግ፣ ብናኙ ይሳባል። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ያነሰ የሽቦ ወንፊት ከውጭ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰርበት።

ሸራውን እስከ መሬት አትልቀቀው፣ ጨለማ ቤት ትሠራለታለህ። መቀመጫውንና የጎን ክዳኖቹን ፍታና ለየብቻ ከጣሪያ ላይ በቀጭን ሽቦ ስቀላቸው። ብርሃንና ነፋስ የሚገባበት ቦታ አይጥ ጎጆ መሥራት አይወድም። ሞተሩን በመሀል እግሩ አቁመው፣ ከግድግዳና ከስንዴው ግማሽ ሜትር ይራቅ። በየሳምንቱ መሬቱን ጥረግ፣ የአይጥ ቆሻሻ ካለ ግን ፋርማሲ እንዳለው አስቀድመህ አርጥበው፤ በተጠረገ መሬት ላይ አዲስ ቆሻሻ ወዲያው ይታያል።

ካንዴላ
ጋሼ፣ በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ቢያሞቀው አይሻልም? ድምፁም ያባርራቸዋል።

ጋሽ ሞተሪኖ
አምስት ደቂቃ ይጎዳዋል። ሳይሞቅ ስታጠፋው እርጥበቱ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ባትሪውም ለማስነሳት የወሰደውን አይመልስም። ወይ አውጥተህ 20 ደቂቃ ንዳው ወይ ጭራሽ አትንካው። ድምፁንም ቶሎ ይለምዱታል።

ባለባጃጅ
ለቆመ ባጃጅስ ያው ነው? የኔ የሚቆመው ክፍት ጥላ ሥር ነው፣ ግድግዳ የለውም። ወጥመዱን በየትኛው ጥግ ነው የማደርገው?

ድመት ወዳድ
ግድግዳ ከሌለ የሞተር ክፍሉ ሥር፣ ጎማው አጠገብ፣ በሁለቱም በኩል። ዶሮና ድመት እንዳይመታ በላዩ ጣውላ ደግፍ፣ አይጥ በሥሩ ያልፋል። የሞተር ክፍሉን ክዳን ማታ ማታ ክፍት ተወው።

ቴስተር
መንገደኛ፣ ወጣህ? ፊልትሮው ምን ሆኖ አገኘኸው?