ማትሱዳ ሴይኮ ከትዳርና ከወሊድ በኋላም አይዶል ሆና የዘለቀችው እንዴት ነው?

ነጠላ ዜማ (ጠያቂ)፦

የ1980ዎቹን የጃፓን ሙዚቃ፣ በተለይ አይዶል የሚባሉትን ወጣት ኮከብ ዘፋኞች፣ ሳዳምጥ ከርሜ አንድ ጥያቄ አልለቅ ስላለኝ፣ ነገሩን በቅርብ የምታውቁ እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያማጉቺ ሞሞኤ በ1973 በ14 ዓመቷ ዘፋኝነትን ጀምራ በአገሪቱ ስሟን የማያውቅ እስኪጠፋ ድረስ ከታወቀች በኋላ፣ በፊልም አብሯት ይተውን የነበረውን ሚዩራ ቶሞካዙን ለማግባት ስትል ገና በ21 ዓመቷ ሙያዋን ተሰናበተች። ኦክቶበር 5 ቀን 1980 በቶኪዮው የቡዶካን አዳራሽ የመጨረሻ ዝግጅቷን አቅርባ፣ ነጩን ማይክሮፎን መድረኩ ወለል ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ዘፈን ሥራ አልተመለሰችም። ከእሷ ቀደም ብሎ ካንዲስ የተባለው የሦስት ልጃገረዶች ቡድን፣ አባላቱ ወደ ተራ ልጃገረድነት መመለስ እንፈልጋለን ብለው ካስታወቁ በኋላ፣ በዝናው አናት ላይ ሳለ በ1978 ተበትኗል። ከእነዚህ የተረዳሁት አይዶልነት ከተራ ሕይወት ጋር አብሮ የማይሄድ፣ አንዱ ሲጀመር ሌላው የሚያበቃ ነገር ተደርጎ ይታይ እንደነበር ነው።

ሞሞኤ በተሰናበተችበት በዚያው በ1980፣ በኤፕሪል፣ ከፉኩኦካዋ ኩሩሜ ከተማ የመጣችው የ18 ዓመቷ ማትሱዳ ሴይኮ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን አወጣች። ሴይኮ በ1985 አገባች፣ በ1986 ሴት ልጅ ወለደች፣ ወዲያው ወደ ሥራ ተመለሰች፣ ዘፈኖቿም የሽያጭ ደረጃ በሚያወጣው በኦሪኮን ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ኋላም ሁለት ጊዜ ተፋትታ ሦስተኛ ትዳር ከመሠረተች በኋላ፣ በ2014 እና በ2015 ኮሃኩ የተባለውን የዘመን መለወጫ ዋዜማ የዘፈን ዝግጅት የመዝጋት ክብር ተሰጥቷታል። ለሌሎቹ የሙያ ማብቂያ የነበረው ትዳር እሷን ለምን ሳይነካት አለፈ? በወጣትነቷ «ቡሪኮ» እየተባለች ትተች እንደነበርም አንብቤአለሁ፤ ቃሉ ከተራ ስድብ ያለፈ ትርጉም ካለው ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

የጥያቄዎ መልስ በመጨረሻ በጠቀሱት ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «ቡሪኮ» የተሠራው ራስን ያልሆኑትን አድርጎ ማቅረብን ከሚያመለክት ግስና ልጅ ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ወንዶች ፊት የዋህና ምስኪን መስላ የምትሞላቀቅን ልጃገረድ ይመለከታል። ሴይኮ ሽልማት ስትቀበል ታለቅሳለች እንጂ ፊቷ ላይ እንባ አይታይም እየተባለ ይቀለድባት ነበር። በእርግጥ ቃሉ ስድብ ነው፤ ነገር ግን ሰዳቢዎቿ ሳያስቡት ውለታ ውለውላታል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም አንድን ሰው አስመሳይ ብለው አስቀድመው ካወጁ በኋላ፣ አንድ ቀን የግል ሕይወቷ ሲገለጥ «ለካ አታላናለች» ብሎ መቆጣት አይቻልም።

ከሞሞኤ ጋር ያነጻጽሩት። የሞሞኤ የመድረክ ሕይወትና የግል ሕይወት ለሕዝቡ እንደ አንድ ታሪክ ነበር የቀረቡት፤ በፊልም ያፈቀረችውን ሰው በእውን አገባች፣ ታሪኩ ሲፈጸም መድረኩም አብሮ ተዘጋ። የሴይኮ ግን ከጅምሩ ትርዒት መሆኑ የታወቀ ትርዒት ነበር። በኦገስት 1980 «ዘ ቤስት ቴን» የተባለው ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሁለተኛ ነጠላ ዜማዋን «አኦይ ሳንጎሾ»ን ያዘፈናት በሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ገና ከበረራ እንደደረሰች የአውሮፕላኑን ደረጃ ወርዳ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆማ ዘፈነች። ያንን ያየ ተመልካች ነገሩ በአጋጣሚ የተገኘ ነው ብሎ አልተታለለም፤ ደስ ያለው የዝግጅቱ ድፍረት ነው።

ሁለተኛው ነገር ዘፈኖቹ ናቸው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ይቅርታ ይደረግልኝ። ከ1981 ጀምሮ አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈላት ማትሱሞቶ ታካሺ ነው። ማትሱሞቶ ቀድሞ «ሃፒ ኤንድ» የተባለ የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረ ሲሆን፣ የባንድ ጓደኞቹን ኦታኪ ኤይቺንና ሆሶኖ ሃሩኦሚን ለእሷ ዜማ እንዲደርሱ አምጥቷቸዋል። ራሷ ስመ ጥር ድምፃዊት የነበረችው ማትሱቶያ ዩሚ ደግሞ ከግሬታ ጋርቦ ስም በተቀረጸ «ኩሬታ ካሩሆ» በሚል የብዕር ስም ዜማ ደረሰችላት፤ በጃንዋሪ 1982 የወጣው «አካይ ስዊቶፒ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ግጥሙን ልብ ብለው ያድምጡት፤ ከተዋወቁ ግማሽ ዓመት አልፎም እጇን ለመያዝ ያልደፈረ ዓይናፋር ወጣት አለ፣ እሱን የምትታዘበው ደግሞ ልጅቷ ናት። በብዙዎቹ ዘፈኖቿ ተመልካቿ እሷ ስትሆን የሚታየው ወንዱ ነው። ሴቶች በብዛት ወደ እሷ የመጡት በዚህ ዘፈን ዘመን አካባቢ እንደሆነ ይነገራል፤ እኔም ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል።

ሴቶቹ መምጣታቸውን ለማወቅ ፀጉር ቤቶችን ማስታወስ ይበቃል። «ሴይኮ ቻን ካት» የተባለው አቆራረጥ የአገሩን ልጃገረዶች ሁሉ አዳረሰ፤ በ1982 ሥራ የጀመሩት አዳዲስ አይዶሎች ጭምር እሱን አስቆርጠው ነበር የመጡት፤ ከእነሱ አንዷ ኮይዙሚ ኪዮኮ በ1983 ፀጉሯን በድንገት ማሳጠሯ እንደ አመጽ የታየውም ለዚህ ነው። ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ሆና ፀጉሯን እንደ ሴይኮ ያስቆረጠች ልጃገረድ በ1985 ራሷ ስለ ጋብቻ የምታስብ ወጣት ናት። በዚያ ዓመት በጁን፣ ሴይኮ ተዋናዩን ካንዳ ማሳኪን ስታገባ ሠርጉ በቴሌቪዥን ለሰዓታት ሲተላለፍ፣ እነዚህ ተመልካቾች ያዩት የራሳቸውን ቀጣይ ዕድሜ እንጂ የጠፋችባቸውን ፍቅረኛ አልነበረም። ልጅ ወልዳ ስትመለስ ጋዜጠኞች እናትንና አይዶልን አጋጥመው «ማማዶል» የሚል ስም አወጡላት። ከኦክቶበር 1980 እስከ 1988 ያወጣቻቸው 24 ነጠላ ዜማዎች በተከታታይ አንደኛ ወጥተዋል፤ በሴት ብቸኛ ድምፃውያን ዘንድ ይህን ቁጥር ሃማሳኪ አዩሚ ያለፈችው በ2010 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1983 «ስዊት ሜሞሪዝ» የተባለው ዘፈኗ የካርቱን ፔንግዊን በሚታይበት የቢራ ማስታወቂያ ሲሰማ፣ መጀመሪያ ላይ የዘፋኟ ስም አልተጻፈም ነበርና ሰዉ ይህ ድምፅ የማን ነው ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ያለ ፊቷና ያለ ፀጉሯ፣ በድምፅዋ ብቻ ተፈለገች ማለት ነው።

ተጠራጣሪ፦

የሸክላ ሰብሳቢን ማብራሪያ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ታሪኩን ትንሽ ያሳመሩት ይመስለኛል። ትዳር ሳይነካት አላለፈም። በጃንዋሪ 1985 ከዘፋኙ ጎ ሂሮሚ ጋር መለያየቷን በእንባ ለጋዜጠኞች ስታስታውቅና በዚያው ዓመት አጋማሽ ሌላ ሰው ስታገባ፣ ስለ እሷ የተጻፈው ሁሉ በጎ አልነበረም። በ1989 ካሳደጋት ሰን ሚዩዚክ ከተባለው ወኪል ድርጅት ስትወጣ፣ ቀጥሎ ያወጣችው ነጠላ ዜማ ሁለተኛ ላይ ቆመ፤ ያ የ24 ዘፈን ሰንሰለት በዚሁ ተበጠሰ። በ1990 በእንግሊዝኛ የተዘፈነ አልበም አውጥታ ከአሜሪካዊው ዶኒ ዋልበርግ ጋር ብትዘፍንም፣ ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከ54ኛ ደረጃ አላለፈም። በእነዚያ ዓመታት ሳምንታዊ መጽሔቶች ከዘፈኗ ይልቅ ከማን ጋር እንደታየች ነበር የሚጽፉት።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ሴይኮ የዘለቀችው ሕዝቡ ይቅር ስላላት ብቻ አይደለም። ሐሜቱ ራሱ አንድ የዝናዋ ክፍል ሆኖ፣ ዘፈን በማይሸጥበት ጊዜ ስሟን ከሰው አፍ እንዳይጠፋ አደረገው። ይህ መቻሏን አያሳንስም፤ በ1996 ግጥሙን ራሷ የጻፈችው «አናታ ኒ አይታኩቴ» ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ፣ ከነጠላ ዜማዎቿ ሁሉ ብዙ የተሸጠው እሱ ሆኗል። ነገር ግን ያ የሆነው ከሰባት ዓመት ውጣ ውረድ በኋላ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም።

ሕግ አንባቢ፦

ሁለታችሁም ያነሣችሁት ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ የሴይኮ መንገድ ከእሷ በኋላ ለመጡት ለምን ክፍት እንዳልሆነ ልጨምር። ልዩነቱ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍልበት ነገር ነው። የሴይኮ አድናቂ የሚገዛው ሸክላ ነበር። በ2005 በቶኪዮው አኪሃባራ ሠፈር 250 ያህል መቀመጫ ባለው ቴአትር የተጀመረው ኤኬቢ48 የተባለው የልጃገረዶች ቡድን ግን «ሄደህ የምታገኛት አይዶል» በሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ከሲዲው ጋር አባላቱን የመጨበጫ ትኬት ይሰጥ ነበር፣ ከአባላቱ ተወዳጇን ለመለየት ከ2009 እስከ 2018 በተካሄዱት ምርጫዎችም ሲዲ የገዛ ሰው ድምፅ ይሰጥ ነበር። የሚሸጠው ቅርበት ከሆነ፣ አይዶሏ ፍቅረኛ ስትይዝ ገዢው የገዛውን የተነጠቀ ይመስለዋል። በጃንዋሪ 2013 የቡድኑ አባል ሚኔጊሺ ሚናሚ ከአንድ ወጣት ቤት ማደሯ በመጽሔት ሲወጣ፣ ፀጉሯን ተላጭታ እያለቀሰች ይቅርታ ስትጠይቅ የሚያሳየው ቪዲዮ ተለቀቀ፤ ወደ ሠልጣኝነትም ዝቅ ተደረገች። ያንን ቪዲዮ ያየ ሰው፣ ጃፓናዊ ቢሆንም ባይሆንም፣ ሳይደነግጥ የቀረ አይመስለኝም።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በሴፕቴምበር 2015 የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት ፍቅረኛ እንዳትይዝ የሚከለክለውን የውል ግዴታ የጣሰች አንዲት የቀድሞ አይዶል ለድርጅቱ 650,000 የን ያህል እንድትከፍል ወሰነ። በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ፍቅር የሰው ልጅ ነፃነት አካል መሆኑን ጠቅሶ የድርጅቱን የካሣ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። የመጀመሪያዋ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰች ነበረች፤ ሁለተኛዋ አዋቂ። ስለዚህ ሕጉ አንድ መልስ ብቻ ሰጥቷል ማለት አይቻልም።

የሸክላ ሰብሳቢን ሐሳብ የሚደግፍ አንድ ምሳሌ ግን አለኝ። ሳሺሃራ ሪኖ በ2012 የቀድሞ የፍቅር ግንኙነቷ በመጽሔት ሲወጣ በፉኩኦካ ወደሚገኘው እህት ቡድን ወደ ኤችኬቲ48 ተላከች፤ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ግን አንደኛ ወጣች፣ ከ2015 እስከ 2017 ደግሞ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሳሺሃራ ቀድሞውንም በራሷ ላይ እየቀለደች፣ ፍጹም አይዶል አይደለሁም እያለች የኖረች ናት። የሚገለጥ ሽፋን ስላልነበራት መገለጡ ብዙ አልጎዳትም።

ነጠላ ዜማ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ቡሪኮ» የሚለው ቃል ጋሻ ሆነላት የሚለው ሐሳብ ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ነው፤ የተጠራጣሪ ማሳሰቢያ ደግሞ ነገሩን ከተረትነት መለሰልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ልጇ ካንዳ ሳያካ፣ እሷም ዘፋኝና ተዋናይት የነበረችው፣ በዲሴምበር 2021 በሳፖሮ ሕይወቷ ሲያልፍ ሴይኮ ከዚያ ዓመት ኮሃኩ ራሷን ማግለሏን አውቃለሁ። እናትና ልጅ በ2011 በዚያው መድረክ አብረው ዘፍነው ነበርና ነገሩ ልብ ይሰብራል። ከዚያ በኋላ የሕዝቡ አመለካከት ተለወጠ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ተለውጧል ብዬ አምናለሁ፤ ቢያንስ የድሮው የሐሜት ቃና ረግቧል። እሷ ራሷ ስለ ሐዘኗ ብዙ ሳትናገር በ2022 ወደ መድረክ ተመለሰች። በ2020 ተመዝግባበት የነበረውን የቹኦ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት በርቀት ተከታትላ በ2024፣ በ62 ዓመቷ፣ መመረቋ ሲሰማ ብዙ ሰው ተገረመ፤ ያቺ ባዶ ጭንቅላት አላት እየተባለች ይቀለድባት የነበረች ልጅ ናትና። በሌላ በኩል፣ መድረክ ላይ ስትወጣ አሁንም እንደ ሕፃን አሻንጉሊት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ የ1980ዎቹን ዘፈኖች ትዘፍናለች፤ ማስመሰሉን አልተወችውም፣ የሚታዘባትም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለማድመጥ ጊዜ ካለዎት የ1983ቱን «ስዊት ሜሞሪዝ» ከ2020ው አዲስ ቅጂ ጋር አከታትለው ይስሙት። በመጀመሪያው መሐል ላይ የእንግሊዝኛ ስንኞች አሉ፤ በአዲሱ ማትሱሞቶ እነዚያን ስንኞች በጃፓንኛ ጽፎላታል። ድምፅዋ ወፍሯል፤ ቃላቱን የምትይዝበት መንገድ ግን ያው ነው።