ለአባቴ የተላከው ገንዘብ የአክስቴን የውርስ ግብር ይቀይረዋል?

የለገ ጣፎ ነዋሪ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለንደን የኖሩት አክስቴ ባለፈው ጥር አርፈዋል፤ አላገቡም፣ ልጅም አልነበራቸውም፣ በኑዛዜያቸው ወራሾች እኔና እኅቴ ነን። ቤታቸው 410,000 ፓውንድ ተገምቷል፣ በባንክ 21,000 አለ። ያልተከፈለው የቤት ብድር 38,000 እና የቀብር ወጪው 6,000 ሲቀነሱ 387,000 ይቀራል። መኖሪያ ቤት ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲወረስ የሚጨመረው 175,000 እኛን ስለማይመለከት፣ ከግብር ነጻ የሆነውን 325,000 ብቻ ቀንሼ በቀሪው ላይ 40 በመቶ ሳሰላ 24,800 ፓውንድ አገኘሁ።

ስሌቱን ያፈረሰብኝ የአባቴ ደብተር ነው። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሒሳብ በእጁ በጻፈባቸው ገጾች መሐል፣ አክስቴ ከማረፋቸው አራት ዓመት ተኩል በፊት ለዚህ ለምንኖርበት ቤት ማሠሪያ 50,000 ፓውንድ በስጦታ የላኩበት ደረሰኝ ተጣጥፎ ተገኘ። ከሞት በፊት በነበሩት 7 ዓመታት የተሰጠ ስጦታ ነጻውን መጠን ቀድሞ ስለሚወስድ፣ የሁለት ዓመት የስጦታ ነጻ መብት የሆነውን 6,000 ባወጣለት እንኳ ግብሩ 42,400 ይደርሳል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ግን ስጦታው 4 ዓመት ስላለፈው 40 በመቶ ይቀነስለታል ብሎኛል፤ እኔ የተረዳሁት ቅናሹ የሚሠራው በስጦታው በራሱ ላይ ግብር ሲኖር እንደሆነ ነው። መክፈያው ካረፉበት ወር ማብቂያ ጀምሮ 6 ወር ብቻ ስለሆነ በግምት ልከፍል አልፈልግም።

ስጦታው ከ325,000 በታች ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቅናሽ በቤቱና በባንኩ ገንዘብ ላይ የሚከፈለውን ግብር ይቀንሳል ወይስ ሙሉውን 42,400 መክፈል አለብን?