ጦሳ ተራራ ስር ያለ አሮጌ ቤት፣ ምድር ቤቱ በየክረምቱ ውሃ ያቁራል። ምን ይሻላል?

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ቤቱ የአያቴ ነው፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ። ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ከመንገዱ በኩል ሲያዩት አንድ ቤት፣ ከታች በኩል ሲያዩት ፎቅ ይመስላል። የምድር ቤቱ ጀርባ እንዳለ ከተራራው አፈር ጋር የተጣበቀ ነው። እህልና በርበሬ የምናስቀምጠው እዚያ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፣ ነሐሴ ላይ ከወለሉ ጥግ ውሃ ይመነጫል። አምና አንድ ጆንያ ጤፍ ሻግቶ ጣልን፣ እማዬ እስካሁን ታነሳዋለች። ግንበኛ ጠርተን ውስጡን በሲሚንቶ አስለስነን ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ ልስኑ እየተላጠ ወረደ፣ ከስሩ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ወጣ። አሁን ደግሞ ውሃ የማያስገባ ቀለም ቀቡት የሚሉን አሉ። ግንቦት ላይ ነን፣ ዝናቡ ሳይመጣ ምን ላድርግ?

ጡረተኛው ግንበኛ፦
ልጄ፣ ቀለሙን ተይው። ውሃው የሚገፋው ከአፈሩ በኩል ነው፣ ከውስጥ የለጠፍሽበትን ሁሉ ይገፈትረዋል። ነጩ ነገር ውሃው ከግንቡ አሟሙቶ ያመጣው ጨው ነው፣ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። በጭቃ የተገነባ ግንብ በሲሚንቶ ሲታፈን ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ጭቃውን ያላላዋል። መለሰኑ የግድ ከሆነ በኖራ ይሁን፣ ኖራ ይተነፍሳል።

አሁን ወጥተሽ ጣሪያውን እዪ። ከጀርባ በኩል አሸንዳ አለው? አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 80 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,400 ሊትር፣ 12 በርሜል ማለት ነው። ግማሹ ግድግዳሽ ስር ሲፈስ አስቢው። ከዚያ ግድግዳውን ተጠግቶ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ አስደርጊ፣ ወደ ውጭ በሜትር 5 ሳንቲም ያህል ያዘቅዝቅ። ከቤቱ ከፍ ብሎ ደግሞ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ገበሬው ከማሳው በላይ እንደሚያወጣው።

የሆጤዋ፦
ጋሼ፣ አሸንዳው ዝጎ ከወደቀ ስንት ዓመቱ። ጀርባውን ማን ያየዋል ብለን ተውነው 🙈

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ግን መጀመሪያ ዝናብ መሆኑን አረጋግጪ። እኛ ተራራውን ስንረግም ከርመን ጥር ላይም ግድግዳው ሲረጥብብን ነው የነቃነው። ቧንቧውን ሁሉ ዘግተን ቆጣሪውን ብናይ ይዞራል! መሬት ውስጥ ያለው መስመር ተሰንጥቆ ኖሯል። የላይኛው ጎረቤት የሽንት ቤት ጉድጓድም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሽታው ይነግርሻል። ሌላ ዘዴ፦ ፌስታል ቀደሽ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች አጥብቀሽ ለጥፊው። በሁለት ቀን ጠብታው ከፌስታሉ ኋላ ከሆነ ከአፈሩ የመጣ ነው፣ ከፊት ከሆነ ግን የክፍሉ አየር እርጥበት ነውና መስኮት መክፈት ይበቃሻል።

ከኮምቦልቻ፦
ኮንስትራክሽን ላይ ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ የኔ ስጋት የቦዩ መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ቦይ ይቆፍርና መሀል ላይ ይተወዋል። ያ ማለት ተዳፋቱን ውሃ ማጠጣት ነው፣ የደሴ አፈር ደግሞ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ወይ እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ ውሰጂው ወይ አትጀምሪው። የታች ጎረቤት ቤት ላይማ በፍጹም።

ከአሸንዳውና ከቦዩ በኋላም ከመነጨ፣ ከግድግዳው ጀርባ ተቆፍሮ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ውስጥ ይቀበራል። ቱቦው ከውስጡ ወለል ዝቅ ይበል፣ ግን ከመሠረቱ ስር አይውረድ፣ መሠረቱን ያጋልጠዋል። ዝቅታው በሜትር 1 ሳንቲም ይበቃል። ጠጠሩ በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈሩን በሚያስቀር ጨርቅ) ካልተጠቀለለ ዋልካው ገብቶ ይደፍነዋል። ይሄን ግን አሁን አትንኪው! ኅዳር ወይ ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ሁለት ሁለት ሜትር እየተቆፈረና እየተሞላ። አንዴ ሙሉውን ከከፈታችሁት የጭቃ ግንብ ነው፣ ሊናድ ይችላል።

ሌላው፣ የአፈር ድጋፍ ግንብ ካላችሁ የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለው እዪ። የኛ ሰፈር አንዱ ያለ ቀዳዳ ሠርቶ፣ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ነፍቶ ነሐሴ ላይ ሌሊት ተዘረገፈ።

የሆጤዋ፦
ኑሩልኝ። ቆጣሪው አይዞርም፣ ጠብታው ከፌስታሉ ኋላ ነው። የጀርባው አሸንዳ 9 ሜትር ሆነ፣ ቅዳሜ ይሰቀላል። ቦዩ በታች ጎረቤታችን አጥር ጥግ ማለፍ ስላለበት እማዬ ቡና ጠርታቸዋለች፣ ሦስተኛው ላይ ታነሳዋለች። እህሉን እስከዚያው ሳሎን አውጥተነዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ጆንያ ላይ ነው የምናስቀምጠው።