ጀርመን ተቀምጦ በርበሬ፣ ቡናና የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት ለመሸጥ ምን ምን ያስፈልጋል?

እንሶስላ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሄሰን ውስጥ ነው። እስካሁን በቲክቶክና በቴሌግራም ለሚያውቁኝ ብቻ ነበር የምሸጠው፤ አሁን ድረ ገጽ ከፍቼ በመላው ጀርመን በፖስታ ልልክ አስቤያለሁ። ዕቃዎቹ ቤት የሚዘጋጅ በርበሬና ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቀሚስና ነጠላ፣ ከተቻለም ቅቤ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዴ የተማሪ ነው። ገቢው ትንሽ ከሆነም ጌቬርበ (የንግድ ምዝገባ) ማውጣት ግዴታ ነው? ድረ ገጹ ላይ ምን ቢጎድል ነው የሚያስቀጣው? ስለ አብማኑንግ (ሕግ ጥሰሻል የሚል ማስጠንቀቂያ) ደብዳቤ የሚወራውስ ምን ያህል እውነት ነው?

ባለ_ደብተር

ከድረ ገጹ በፊት የመኖሪያ ካርድሽንና አብሮት የተሰጠሽን ተጨማሪ ወረቀት አንብቢ። የተማሪ ፈቃድ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይፈቅዳል፤ የራስን ንግድ ግን አይጨምርም። ለእሱ አውስላንደርበሆርደ (የውጭ ዜጎች ቢሮ) ዘንድ የጽሑፍ ማመልከቻ አስገብተሽ ፈቃድ መቀበል አለብሽ። ካርዱ ላይ «ኤርቬርብስቴቲግካይት ኤርላውብት» (ማንኛውም የገቢ ሥራ ተፈቅዷል) የሚል ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ጥገኝነቱ የጸደቀለት፣ ይህ አይመለከተውም። ሳይፈቀድ መነገድ የሚያመጣው ጣጣ ከገንዘብ ቅጣት አልፎ ፈቃድሽ ሳይታደስ እስከመቅረት ይደርሳል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ጌቬርበ የሚጠየቀው በገቢ መጠን አይደለም። ለትርፍ ብለሽ በተከታታይ ከሸጥሽ ከመጀመሪያው ዩሮ ጀምሮ ግዴታ ነው። የከተማው ጌቬርበአምት በትንሽ ክፍያ ይመዘግብሻል። ቀጥሎ በአንድ ወር ውስጥ ለፊናንስአምት (የግብር ቢሮ) መጠይቁን በኤልስተር (የግብር ቢሮው ድረ ገጽ) ሞልተሽ ትልኪያለሽ። እዚያ ላይ «ክላይንኡንተርኔመር» (አነስተኛ ነጋዴ) መሆን ትችያለሽ፦ ከ2025 ጀምሮ ያለፈው ዓመት ሽያጭ ከ25 ሺህ፣ የያዝነው ዓመት ደግሞ ከ100 ሺህ ዩሮ ካልበለጠ ቫት አታስከፍዪም። በጀመርሽበት ዓመት ግን ወሰኑ 25 ሺህ ነው። ይህ ሁሉ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሌላው ሳይታሰብ የሚመጣው፣ ክላይንኡንተርኔመር ጉምሩክ ላይ የከፈለውን ቫት መልሶ አያገኝም። ቀሚስ ላይ 19 በመቶ፣ ቡናና ቅመም ላይ 7 በመቶ ስለሆነ ዋጋ ስትተምኚ ወጪ ውስጥ አስገቢው።

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም

ወደ ድረ ገጹ ልምጣ።

ኢምፕሬሱም (የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚገልጽ ክፍል)፦ ሙሉ ስም፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሊደርስበት የሚችል አድራሻ፣ ኢሜይል፣ ፈጣን መገናኛ (ስልክ ይበቃል)። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይሆንም። የቤትሽን አድራሻ ማውጣት ካልፈለግሽ፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አድራሻ ተከራዪ። ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይም የምትሸጪ ከሆነ ከገጽሽ ቢበዛ በሁለት ክሊክ የሚደረስበት ኢምፕሬሱም ያስፈልጋል። ከሌላ ሰው ገጽ ላይ መገልበጥ ደግሞ አደገኛ ነው፤ የተሰረዘ ሕግ አብሮ ይገለበጣል። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የኦንላይን ክርክር መፍቻ መድረክ ከጁላይ 20፣ 2025 ጀምሮ ተዘግቷል፤ ሊንኩ አሁንም የተለጠፈበት ገጽ ብዙ ነው።

ዋጋ፦ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ እርሱት። ማዘዝ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ የመጨረሻው ዋጋና የፖስታው ሒሳብ መታየት አለበት። በክብደት ለሚሸጥ ነገር የኪሎ ዋጋም አብሮ ይጻፋል፦ 250 ግራም በርበሬ 6 ዩሮ ከሆነ፣ አጠገቡ «24 ዩሮ በኪሎ»። ለ100 ግራም ማስላት ከ2022 ወዲህ አይሠራም። የመጨረሻው የማዘዣ ቁልፍ «ዛሉንግስፍሊሽቲግ በሽቴለን» (ከክፍያ ግዴታ ጋር እዘዝ) ወይም በተመሳሳይ ግልጽነት ክፍያ መኖሩን የሚናገር ይሁን። «ቀጥል» ወይም «እዘዝ» ብቻ ከተጻፈ ውሉ አይጸናም፤ ገዢው አልከፍልም ቢል መብቱ ነው።

መመለስ፦ ገዢው ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ውሉን መተው ይችላል። ይህን መብቱን በትክክል ካላሳወቅሽው ጊዜው በ12 ወር ይረዝማል። ሕጉ ላይ ያለውን ናሙና ጽሑፍ ምንም ሳትቀይሪ ተጠቀሚ። የመመለሻውን ፖስታ ገዢው የሚከፍለው አስቀድመሽ ከጻፍሽ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ያስከፈልሽውን መደበኛ የመላኪያ ሒሳብ ግን አንቺ ትመልሻለሽ። ከጁን 19፣ 2026 ጀምሮ ደግሞ ውል መተዊያ ቁልፍ ራሱ ገጹ ላይ እንዲኖር ግዴታ ነው።

ማሸጊያ፦ ይህን የማያውቅ ሻጭ ይበዛል። አንድ ካርቶን ከመላክሽ በፊት ሉሲድ በሚባለው መዝገብ (በነፃ) መመዝገብና ከአንዱ የማሸጊያ መልሶ መጠቀሚያ ድርጅት ጋር መዋዋል አለብሽ። «ትንሽ ነኝ» የሚል ነፃነት የለውም። ያልተዋዋለ ሰው ላይ ቅጣቱ እስከ 200 ሺህ ዩሮ ሊደርስ ይችላል። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ተፎካካሪሽ ስምሽን ፈልጎ ለማጣት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የግል መረጃ፦ የዳተንሹትስ (የግል መረጃ ጥበቃ) ጽሑፍ ይኑርሽ፤ የጎግል ፊደሎችን ከጎግል ሰርቨር ሳይሆን ከራስሽ ሰርቨር ጫኚ። በጃንዋሪ 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት በዚህ ብቻ 100 ዩሮ ካሣ ፈርዷል፤ ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤው እንደ ዝናብ የወረደው።

አብማኑንግ እውነት ነው። ከመጣ ዝም አትበዪ፣ ደንግጠሽም አብሮ የመጣውን ቃል መግቢያ አትፈርሚ። ከፈረምሽ ለብዙ ዓመት ያስርሻል፤ ስህተቱ በአንድ አሮጌ የኢንስታግራም ፖስት ላይ እንኳ ቢደገም የውል ቅጣት ይመጣል። ከዲሴምበር 2020 ወዲህ ተፎካካሪ ነጋዴ የመረጃ ግዴታ ስለጎደለ ብቻ የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍልሽ አይችልም፤ ማኅበራት ግን ይችላሉ። ቀነ ገደቡን ያዢና ለጠበቃ ወይም ለአይኤችካ (የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት) አሳዪ።

ቀረጥ_ከፋይ

ስለ ዕቃዎቹ እኔ ልበል። ሁሉም እኩል አይደሉም።

ቅቤ፦ ከኢትዮጵያ በሻንጣ የመጣ ቅቤ ለራስ ፍጆታም አይገባም፤ የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ እጅ ማስገባት የተከለከለ ነው። እዚህ በተገዛ ቅቤ ብታነጥሪ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ተዪው።

ቡና፦ ጥሬው ላይ የቡና ግብር የለም። የተቆላው ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ አለ። ለመሸጥ ብለሽ ምጣድ ላይ በቆላሽበት ቅጽበት አምራች ትሆኛለሽ፤ ከሐውፕትሶልአምት (ዋናው የጉምሩክ ቢሮ) ፈቃድ ካልያዝሽ ግብሩ ወዲያው ይወለዳል። ከጣሊያን ወይም ከሆላንድ የተቆላ ገዝተሽ ለንግድ ብታስገቢም አስቀድሞ ማስታወቅ አለ። የሚቀለው ጥሬ ቡና መሸጥ ወይም ግብሩን ከከፈለ ቡና ከሚቆላ የጀርመን ድርጅት በደረሰኝ መግዛት ነው።

በርበሬ፦ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቅመም በአፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) ምክንያት ቁጥጥር ከጠበቀባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ለንግድ ሲገባ የመንግሥት ሰርተፊኬትና የላቦራቶሪ ውጤት ይጠየቃል። ወሰኑ ለቢ1 ዓይነት በኪሎ 5፣ በጠቅላላው 10 ማይክሮግራም ነው። እርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ዛላ ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ሻጋታው በዓይን አይታይም፣ ማመስም አያጠፋውም። ስለዚህ ውጤቱን ከሚያሳይሽ አስመጪ ግዢ። ቤት ለመፍጨትና ለማሸግ የከተማው የምግብ ቁጥጥር ቢሮ ቀድሞ ይመዝግብሽ። ጽሑፉ በጀርመንኛ ይሁን፤ ከማብቂያ ቀኑ በቀር ከረጢቱ ላይ ያለው ሁሉ ገጹ ላይም ከግዢ በፊት ይታይ። ሽሮ ውስጥ ግብጦ ከገባ አለርጂ ስለሆነ ጎልቶ ይጻፋል፤ ሽምብራ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ቀሚስ፦ ከሁሉም የሚያዋጣሽ ይህ ነው። የኢኦአርአይ ቁጥር (የአስመጪና ላኪ መለያ) ከጉምሩክ በነፃ አውጪ። ላኪው ደረሰኙ ላይ የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን በተደነገገው ቃል ከጻፈ (እስከ 6 ሺህ ዩሮ ድረስ ማንም ላኪ ይችላል) ቀረጡ ዜሮ ነው፤ ካልጻፈ 12 በመቶ። በሻንጣ ሲመጣ የ430 ዩሮው ነፃነት ለሚሸጥ ዕቃ አይሠራም፤ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ በሚታወቅበት በቀዩ በር ነው የሚወጣው። ገጹ ላይ «100% ባውምቮለ» (ጥጥ) ብለሽ ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ስህተት ነው፤ ለጌጥ ብቻ የገባው ከክብደቱ 7 በመቶ ካልበለጠ ነው መተው የሚቻለው። ከዲሴምበር 13፣ 2024 ጀምሮ የሽሮ ሜዳው ልብስ ሰፊ ስም፣ አድራሻና ኢሜይል፣ እንደ አስመጪም የአንቺ፣ ከእያንዳንዱ ቀሚስ ሥር መታየት አለበት።

እንሶስላ

ቀሚሱን በልኳ አሰፍቼ ብልክላትም መመለስ ትችላለች?

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም

የደረት፣ የወገብና የቁመት ልኳን ልካልሽ ከተሰፋ አትችልም፤ ይህንንም ከማዘዟ በፊት ገጹ ላይ አሳውቂ። ከኤስ፣ ኤም፣ ኤል ወይም ከሦስት ዓይነት ጥለት አንዱን መምረጥ ግን «በልክ» አይባልም፤ እሱ በ14 ቀን ይመለሳል። በርበሬም ቶሎ የሚበላሽ ስላልሆነ እሽጉ እስካልተከፈተ ድረስ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ሲከፈት የሚቀደድ ማሸጊያ ለጥፊ።