የልጄ ብሽሽት ላይ የምትወጣው እብጠት፣ ኦፕራሲዮን ግድ ነው እንዴ?

ኡሙ_ቢላል፦
ሰላም እናቶች፣ ከጅማ ነኝ። ወንዱ ልጄ 7 ወሩ ነው፣ ሲያለቅስ ወይ ሲያምጥ ቀኝ ብሽሽቱ ላይ እንቁላል የምታክል ነገር ብቅ ትላለች፣ ሲተኛ ትጠፋለች። ሐኪሙ ቡአ ነው ኦፕራሲዮን ይደረግ አለኝ። አማቴ ደግሞ የእህቴ ልጅ እምብርቱ ላይ ነበረበት ሲያድግ ጠፋ፣ ወጌሻ ይሽለት እያሉኝ ነው። እኔ ማደንዘዣውን ፈራሁ፣ ጠንከር እስኪል ብጠብቅስ?

ጋሽ_ቡና፦
ጠብቂ እህቴ፣ የኔ ልጅ ፍሬው አብጦ ነበር ዓመት ሳይሞላው በራሱ ጠፋ

ነርሷ_ነኝ፦
ጋሽ ቡና የርስዎ ልጅ ውሃ ቋጥሮ ይሆናል፣ እሱ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። እምብርት ላይ ያለውም እንደዛው፣ አማትሽ በዛ አልተሳሳቱም። የብሽሽቱ ግን ሌላ ነው፣ ልጁ ገና ሆድሽ ውስጥ እያለ ፍሬው ወደ ታች የወረደበት መንገድ ሳይዘጋ ቀርቶ አንጀት በዛ ሲወርድ ነው የምታዪው፣ ይሄ ካልተሰራ አይድንም። ዓመት ያልሞላቸው ላይ ደግሞ አንጀቱ እዛው የመታነቅ እድሉ ይብሳል ስለዚህ እስኪያድግ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አይሰራም። ወጌሻ በፍጹም እንዳይነካው!! እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይ እብጠቱ ከቀላ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ውሰጂው።

የአጋሮ_አባት፦
የኔን ጅማ ነው ያሰራሁት፣ ብሽሽቱ እጥፋት ላይ ትንሽ ቀደው አንጀቱ የሚወርድባትን ከረጢት አስረው ቆረጧት በቃ፣ እንደ አዋቂ ማጠናከሪያ መረብ ምናምን የለም። ጠዋት ገብተን ማታ ቤታችን ነበርን፣ እኔ ነኝ ያመመኝ እንጂ እሱማ በማግስቱ ይድህ ነበር 😂

ኡሙ_ቢላል፦
አላህ ይስጣችሁ። ጡትስ መቼ ነው የማቆመው? ያለሱ አይተኛም እኮ። ደሞ አሁን ጉንፋን ይዞታል

ነርሷ_ነኝ፦
አብዛኛው ቦታ ማደንዘዣው 4 ሰዓት ሲቀረው ነው የእናት ጡት የሚቆመው፣ የዱቄት ወተት 6፣ ግን የነሱን ትእዛዝ ተከተይ። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው፣ ትንንሾቹ ከማደንዘዣ በኋላ ትንፋሻቸው ሊቆም ስለሚችል አሳድረው ያዩታል። ጉንፋኑንም አትደብቂ፣ ቀጠሮው ትንሽ ሊገፋ ይችላል። ከታነቀ ግን ጉንፋን አለው ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ያኔ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው።